ከዘፈኑ የቀረው ነገር፦ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካ ዘፈኖች ውስጥ የዝምታ ድርሻ

መግቢያ

በእንግሊዝኛው ዓለም የሥነ ጽሑፍ ጥናት ለንባብ የተጻፈ ግጥምና ለዘፈን የተጻፈ ግጥም ሁለት የተለያዩ ስሞች አሏቸው። የሚለያዩት በስም ብቻ ሳይሆን በማዕረግም ነው። የመጀመሪያው በዩኒቨርሲቲ ሲጠና ኖሯል፤ ሁለተኛው ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ገበያ ዕቃ ሲቆጠር ቆይቷል። በአማርኛ ሁለቱም ግጥም ናቸው። ለመለየት ስንፈልግ «የዘፈን ግጥም» እንላለን እንጂ ከግጥምነት አንሠርዘውም። ይህ የቋንቋችን ልማድ የሌላ አገር ዘፈን ስንመረምርም ጠቃሚ መነሻ ይሰጠናል። «ይህ ሥነ ጽሑፍ ነው ወይስ አይደለም?» በሚለው ሙግት ጊዜ ሳናጠፋ «ይህ ግጥም እንዴት ይሠራል?» ወደሚለው ጥያቄ በቀጥታ እንድንገባ ያስችለናል።

ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ የተዘፈኑትን ዝነኛ ዘፈኖች ግጥም ከዜማው ነጥሎ በወረቀት ላይ ያነበበ ተማሪ ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። ቃላቱ ተራ ናቸው። ርእሰ ጉዳያቸው ከፍቅር፣ ከናፍቆትና ከመለያየት እምብዛም አይወጣም። ዘይቤያቸውም የሳሳ ይመስላል። «ታዲያ ይህን ያህል የሚወደሱት ለምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ ሰምቼዋለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ክርክር ባጭሩ የሚከተለው ነው። የምርጦቹ ዘፈኖች ኃይል ያለው በተባለው ነገር ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ከዘፈኑ በቀረውም ነገር ውስጥ ነው። ሆኖም ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም። ገጣሚው ለአድማጩ ቦታ ለመተው ሲል የሚያስቀረው አለ። ዘፋኙ ወይም አሳታሚው ከተጻፈው ቀንሶ የሚያስቀረው አለ። እንዲሁም ገበያው እንዳይባል የሚከለክለው አለ። ኀያሲ ሦስቱን ለይቶ ካላየ ጥበብን ከፍርሃት ጋር ያደባልቃል። ይህን ለማሳየት አራት ዘፈኖችን እመረምራለሁ። ስንኞቻቸውን ተርጉሜ አላቀርብም፤ ሐሳባቸውንና አሠራራቸውን በራሴ ቃል እገልጻለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

1. ቅርጹና በቅርጹ ላይ የተነሣው ክስ

የዘመኑ የአሜሪካ ዘፈን የታወቀ ቅርጽ አለው። ዋናው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቀኞች ሜዠር በሚሉት የዜማ መስፈሪያ 32 ሜዠር ይሆናል። ይህም እያንዳንዳቸው ስምንት ሜዠር በሆኑ አራት አንጓዎች ይከፈላል። በብዛት በተሠራበት ዓይነት የመጀመሪያው፣ ሁለተኛውና አራተኛው አንጓ አንድ ዓይነት ዜማ ሲኖራቸው ሦስተኛው ከእነሱ ይለያል። ይህን ሦስተኛ አንጓ «መሸጋገሪያ» እለዋለሁ። ሐሳቡ አቅጣጫ የሚለውጠው፣ ተናጋሪውም ከሌላው ሰው ወደ ራሱ ዞር የሚለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አራተኛው አንጓ የፊተኛውን ዜማ ይዞ ሲመለስ ዜማው ያው ቢሆንም ትርጉሙ ያው አይሆንም፤ አድማጩ በመሸጋገሪያው አልፎ መጥቷልና።

ከዋናው ክፍል በፊት ደግሞ «መንደርደሪያ» የምለው ክፍል ይገኛል። መንደርደሪያው ወደ ንግግር የሚያደላ ነው። ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ፣ የት እንዳለና ለምን እንደሚዘፍን ይገልጻል። የተወለደውም ከቲያትር ነው። ብዙዎቹ ዘፈኖች መጀመሪያ የተጻፉት ለኒውዮርክ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቲያትር ወይም ለሆሊውድ ፊልም ስለ ነበር ተዋናዩን ከንግግር ወደ ዘፈን የሚያሻግር ነገር ያስፈልግ ነበር። ዘፈኑ ከመድረክ ወጥቶ በሬዲዮና በሸክላ ሲሰራጭ ግን መንደርደሪያው በአብዛኛው ተጣለ። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር። በዚህ ጠባብ ጊዜ ውስጥ ታሪኩን የሚያስረዳው ክፍል ቀርቶ ስሜቱን የሚገልጸው ክፍል ብቻ ተረፈ። ይህ ከቴክኒክ የመጣ ቅነሳ በግጥሙ ትርጉም ላይ ያስከተለውን ለውጥ በሦስተኛው ክፍል እመለስበታለሁ።

ሌላው የዘመኑ መሣሪያ ማይክሮፎን ነው። በኤሌክትሪክ መቅረጽ በ1925 ከተጀመረ በኋላ ዘፋኝ እንደ ቀድሞው በቀንድ መሰል መቀበያ ፊት መጮኽ አላስፈለገውም። ቢንግ ክሮዝቢ፣ ቢሊ ሆሊዴይ፣ ፍራንክ ሲናትራና ናት ኪንግ ኮል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለአንድ ሰው እንደሚያወሩ መዝፈን ቻሉ። ሹክሹክታ፣ ትንፋሽና በሁለት ቃላት መካከል የምትቀር ቅጽበት ሁሉ ተሰሚ ሆነች። ዝምታም የዘፈን መሣሪያ ለመሆን የበቃው በዚህ ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ቅርጽ ላይ ከቀረቡት ክሶች ከባዱ የቴዎዶር አዶርኖ ነው። ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ በአሜሪካ ይኖር የነበረው ይህ ፈላስፋ በ1941 ስለ ተወዳጅ ሙዚቃ ባሳተመው ጽሑፍ ዘፈኖቹ ሁሉ በአንድ ልክ የተሰፉ መሆናቸውን ይናገራል። ሠላሳ ሁለቱ ሜዠር፣ የዜማው ስፋት ከአንድ ኦክታቭ እምብዛም አለመዝለሉ፣ አስቀድሞ የሚታወቀው መጨረሻ፣ እነዚህ ሁሉ በእሱ አስተያየት አድማጩን ከማሰብ ያሳርፉታል። ዘፈኑ በአድማጩ ምትክ ያዳምጣል።

ክሱ ከፊሉ እውነት ነው። በየዓመቱ ከሚታተሙት ዘፈኖች አብዛኞቹ የሚረሱ ነበሩ፤ ተረስተዋልም። ነገር ግን አዶርኖ ልማዳዊ ቅርጽን ከአእምሮ ስንፍና ጋር ማገናኘቱን አልቀበልም። የአማርኛ ሥነ ግጥም አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የወል ቤት ስንኝ በስድስት ስድስት ቀለም መከፈሉን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ግን ገጣሚውን ፈጠራ ያጣ ነው አንለውም። እንዲያውም ልኩ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ገጣሚው ከልኩ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ወዲያው ይሰማናል። በአሜሪካውም ዘፈን እንዲሁ ነው። አድማጩ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ የሚጠብቀው ነገር ሳይመጣ ሲቀር ያስተውላል። መቅረት የሚታወቀው በተለመደ ነገር ውስጥ ነው።

በዘፈኖቹ ላይ ከተጻፉት ጥናቶች ሁለቱን መጥቀስ ያስፈልጋል። የዜማ ደራሲው አሌክ ዋይልደር በ1972 ያሳተመው መጽሐፍ ከ1900 እስከ 1950 የተሠሩትን ዘፈኖች ዜማ አንድ በአንድ ይመረምራል። ፊሊፕ ፉሪያ ደግሞ በ1990 ባወጣው መጽሐፍ ፊቱን ወደ ገጣሚዎቹ አዙሮ የቃል ጨዋታቸውንና የቤት አመታታቸውን ይተነትናል። ሁለቱም ሰፊ ውለታ ውለዋል። የሁለቱም ዋና ትኩረት ግን በዘፈኑ ውስጥ በሚገኘው ነገር ላይ ነው። እኔ የማነሣው ጥያቄ በዘፈኑ ውስጥ ስለሌለው ነገር ነው።

2. ያልተተረከው ታሪክ

«ዋን ፎር ማይ ቤቢ» የተባለው ዘፈን ዜማው የሃሮልድ አርለን፣ ግጥሙ የጆኒ መርሰር ነው። የተጻፈው በ1943 ለወጣው «ዘ ስካይስ ዘ ሊሚት» ለተሰኘው ፊልም ሲሆን መጀመሪያ የዘፈነው ፍሬድ አስቴር ነበር። ሁኔታው እንዲህ ነው። ሌሊቱ ተጋምሶ አልፏል። በመጠጥ ቤቱ ውስጥ ከአንድ ጠጪና ከአሳላፊው በቀር ሰው የለም። ጠጪው አሳላፊውን በስሙ እየጠራ መጠጥ ያዝዛል፤ ታሪክ እንደሚነግረውም ይገልጽለታል። አንዱ መለኪያ ለሄደችው ሴት፣ ሌላው ለመንገዱ ነው።

እንግዲህ ዘፈኑን በጥሞና የሰማ ሰው አንድ አስገራሚ ነገር ያገኛል። ታሪኩ አይነገርም። ተናጋሪው ልነግርህ ነው ይላል፤ ብዙ የምለው አለኝ ይላል፤ እንዲያውም እንደ ገጣሚ የሚያደርገኝ ሰው ነኝ ይላል። ነገር ግን ሴቲቱ ማን እንደ ሆነች፣ ለምን እንደ ተለያዩ፣ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ አንድም ቃል አይወጣውም። ዘፈኑ ሲያልቅ አሳላፊው ቤቱን ለመዝጋት እየተቻኮለ ነው፤ ጠጪውም ስላዳመጠው አመስግኖት ይነሣል። ያዳመጠው ምኑን ነው? እኛ የሰማነው ቀጠሮውን ብቻ ነው፤ ታሪኩ በቀጠሮውና በስንብቱ መካከል ቀርቷል።

ይህ የገጣሚው ድክመት አይደለም። መርሰር ታሪኩን ቢጽፈው ኖሮ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም፤ ከብዙ የመለያየት ታሪኮች አንዱ ይሆን ነበር። ባለመጻፉ ግን የዘፈኑ ርእሰ ጉዳይ ተለውጧል። ዘፈኑ ስለ ፍቅር መፍረስ መሆኑ ቀርቶ ስለ አንድ ሰው መናገር አለመቻል ሆኗል። ተናጋሪው ራሱን እንደ ገጣሚ መጥቀሱም በዚህ ብርሃን ሲታይ መራራ ምፀት ነው። ቃል አለኝ የሚለው ሰው ቃል ያጣ ሰው ነው። ጨዋነቱን ጠብቄ ዝም እላለሁ ማለቱም እንዲሁ ሁለት ገጽ አለው። ምስጢር መጠበቁ ነው ብለን ልናከብረው እንችላለን፤ ሕመሙን መንካት ፈርቶ ነው ብለን ልናዝንለትም እንችላለን። ግጥሙ አንዱን እንድንመርጥ አያስገድደንም።

የአርለንም ዜማ ከዚህ ጋር ይስማማል። ዘፈኑ 58 ሜዠር ነው፤ ከተለመደው ሠላሳ ሁለት እጅግ ይረዝማል። በመካከሉም የዜማው ቁልፍ ይለወጣል። ዜማው እንደ ሰካራም ወሬ መድረሻውን ሳያገኝ የሚንከራተት ይመስላል። ከላይ እንዳልኩት ይህ መርዘም የሚሰማን ልማዳዊውን ልክ ስለምናውቅ ነው። ማለቅ በነበረበት ቦታ አላለቀም፤ ሰውየውም መሄድ በነበረበት ሰዓት አልሄደም።

አቀራረቡን ስናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይብራራል። በፊልሙ አስቴር ከዘፈነ በኋላ ይደንሳል፤ በመደነሱም መካከል ብርጭቆዎችን ይሰባብራል። ቃሉ ያልተናገረውን አካሉ ይናገርለታል። ፍራንክ ሲናትራ በ1958 «ኦንሊ ዘ ሎንሊ» በሚል በሚታወቀው አልበሙ ውስጥ ሲዘፍነው ግን ዳንስ የለም፤ የሚሰበርም ነገር የለም። አቀናባሪው ኔልሰን ሪድል ነው። የቢል ሚለር ፒያኖ እንደ ሌሊት መጠጥ ቤት ፒያኖ ራቅ ብሎ ይጫወታል፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ከኋላ ይቆያሉ። ሲናትራ ቃላቱን ከምቱ ትንሽ ዘግየት እያደረገ፣ በሐረጎች መካከል እያረፈ ያወጣቸዋል። እያንዳንዷ እረፍት ታሪኩ አሁን ሊጀመር ነው የሚያሰኝ ተስፋ ትሰጣለች፤ አይጀመርም። ይህን ቅጂ ለተማሪዎች ሳሰማ ከዘፈኑ በኋላ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አድርጋው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ራሱ ግጥሙ መሥራቱን ያስረዳል።

ለማነጻጸር ያህል በ1953 ፓቲ ፔጅ የዘፈነችውንና እጅግ የተሸጠውን በሱቅ መስኮት ስለታየች ቡችላ ዋጋ የሚጠይቅ ዘፈን እንውሰድ። ዜማው ደስ ይላል፤ ልጆችም ይወዱታል። ነገር ግን የቀረ ነገር የለውም። ተናጋሪዋ ለምን ቡችላ እንደምትፈልግ ትናገራለች፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። አድማጩ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ ዘፈኑን ደግሞ ሲሰማው የሚያገኘው ያንኑ ነው። አዶርኖ የከሰሰውን ዘፈን በዚህ ዓይነቱ ውስጥ አገኘዋለሁ።

ከዚህ ላይ ከእኛ ቅኔ ጋር ያለውን ልዩነት ማመልከት ይገባል። በሰምና ወርቅ የተሰወረው ነገር ከቃሉ ሥር ነው። ቃሉን የፈታ፣ ኅብሩን ያገኘ ሰው ወርቁን ያወጣዋል፤ ወርቁ ከባለ ቅኔው የተቀመጠ ነው። በመርሰር ግጥም ግን ቢቆፈር የሚወጣ ወርቅ የለም። የተሰወረው ነገር ከቃሉ ሥር ሳይሆን ከቃሉ ውጭ ነው፤ የሚያስቀምጠውም አድማጩ ነው። ስለዚህ ዘፈኑን የቅኔ መፍቻ ይዞ የቀረበ አንባቢ ባዶ እጁን ቢመለስ ዘፈኑ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ መሣሪያው ለሌላ ማዕድን የተሠራ ነው።

3. የተቆረጠው መንደርደሪያ

ሁለተኛው ዓይነት መቅረት በተጻፈው ግጥም ላይ የሚደረግ ቅነሳ ነው። በዚህ ረገድ ሁለት ዘፈኖችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ግጥሙንም ዜማውንም ኢርቪንግ በርሊን የደረሰው «ኋይት ክሪስማስ» ነው። በርሊን በ1888 በሩሲያ ግዛት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ በ1893 ኒውዮርክ የገባ ስደተኛ ነበር። ዘፈኑን ቢንግ ክሮዝቢ በ1942 ለሸክላ ቀረጸው፤ በዚያው ዓመት በወጣው «ሆሊዴይ ኢን» በተባለው ፊልም ውስጥም ዘፈነው፤ የአካዳሚ ሽልማትም አገኘ። በዋናው ክፍል ተናጋሪው ድሮ የሚያውቀውን፣ በረዶ የለበሰውን ገና ያልማል፤ ለሌሎችም እንዲህ ያለ ገና ይመኛል። ከዚህ የበለጠ ነገር የለም።

በርሊን የጻፈው መንደርደሪያ ግን ሌላ ነገር ይዟል። ተናጋሪው ያለው በካሊፎርኒያ ቤቨርሊ ሂልስ ነው። ፀሐይ ወጥታለች፤ ዘንባባዎቹ ይወዛወዛሉ፤ ነገ ገና ነው፤ እሱ ግን ወደ ሰሜን መሄድ ይፈልጋል። መንደርደሪያው ሲኖር ዘፈኑ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ሌላው የሚመኘው ምቾት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብርድ ናፈቀኝ ይላል። በክሮዝቢ ሸክላ ላይ ይህ መንደርደሪያ የለም። በመቅረቱም ተናጋሪው ቦታውን አጣ። አሁን ያለበትን ስለማናውቅ የትም ሊሆን ይችላል። ዘፈኑ የወጣው አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች በመጀመሪያው ዓመት ነው። በባሕር ማዶ ያሉ ወታደሮች ደጋግመው እንዲሰማላቸው የጠየቁት ዘፈን ይህ ነበር። ስለ ጦርነት አንድ ቃል የለውም፤ ስለ መለየትም የለውም። ነገር ግን የሚያልመው ሰው በሕልሙ ውስጥ እንዳልሆነ ከማንም አይሰወርም። ዜማው በግማሽ ድምፅ ከፍ ዝቅ እያለ፣ በአንድ ቦታ እየተንፏቀቀ መጀመሩም መድረስ የማይችልን ሰው ያስታውሳል።

አንዳንድ ተቺዎች የዘፈኑን ኀዘን ከደራሲው ሕይወት ጋር ያያይዙታል። የበርሊን ጨቅላ ልጅ የሞተው በገና ዕለት በ1928 ነበር። ይህን ማወቅ ልብ ይነካል፤ ለግጥሙ ትንተና ግን በቂ አይደለም። ወታደሮቹ ዘፈኑን የራሳቸው ያደረጉት የደራሲውን ኀዘን አውቀው ሳይሆን ግጥሙ ለራሳቸው ኀዘን ቦታ ስለተወላቸው ነው።

ሁለተኛው ዘፈን «ብላክ ኤንድ ብሉ» ነው። በ1929 «ሆት ቾኮሌትስ» ለተባለው ሙዚቃዊ ትርኢት የተጻፈ ሲሆን ግጥሙ የአንዲ ራዛፍ፣ ዜማው የፋትስ ዎለርና የሃሪ ብሩክስ ነው። ርእሱ ራሱ ለእኛ አንባቢ ትኩረት የሚገባው ኅብር ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቀለማት አንድ ላይ ሲነገሩ በድብደባ የበለዘ ገላን ያመለክታሉ። ተነጣጥለው ሲታዩ አንዱ የቆዳ ቀለም፣ ሌላው ኀዘን ነው። ጥቁርነት፣ ኀዘንና ቁስል በሁለት ቃላት ውስጥ ተቋጥረዋል።

በትርኢቱ ውስጥ የዘፈኑ መንደርደሪያ ተናጋሪዋን በጠባብ ሁኔታ ውስጥ ያስቀምጣታል። መልኳ ጠቆር ያለ ሴት ናት፤ ወንዶች ቀላ ያሉትን እየመረጡ ስለሚያልፏት ታዝናለች። ሉዊ አርምስትሮንግ በዚያው ዓመት ዘፈኑን ሲቀርጽ የመንደርደሪያውን ቃላት ተዋቸው። ከዚያ በኋላ የቀረው ዋና ክፍል የአንዲት ሴት የፍቅር ቅሬታ መሆኑ አበቃ። ጥቁር በመሆኑ ብቻ የሚገፋ ሰው ጥያቄ ሆነ። ቃል አልተጨመረም፤ የተጻፈውም አልተለወጠም። ቃላት ተቀነሱ፤ ዘፈኑ ግን ሰፋ።

ይህ መስፋት በአድማጮች ዘንድ ፍሬ አፍርቷል። ራልፍ ኤሊሰን በ1952 ባሳተመው «ኢንቪዝብል ማን» በተባለው ልብ ወለዱ መቅድም ላይ ማንም የማያየው ተራኪ በምድር ቤቱ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ይህንኑ የአርምስትሮንግ ሸክላ ነው። አርምስትሮንግ በ1955 የዎለርን ሥራዎች ብቻ በያዘ አልበም ውስጥ ዘፈኑን እንደገና ቀረጸው። በ1956ም በወቅቱ ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው በዛሬዋ ጋና፣ አክራ ላይ፣ ክዋሜ ንክሩማህ በተገኘበት ተጫወተው። አገሪቱ ነፃ የወጣችው በተከታዩ ዓመት ነበር። የመንደርደሪያው ጠቆር ያለች ሴት በዘፈኑ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ዘፈኑ እስከዚያ መድረስ መቻሉን እጠራጠራለሁ።

ይህ ሲባል ግን ቅነሳው ያለ ዋጋ ነበር ማለት አይደለም። የተቆረጠችው ሴት በጥቁሮች መካከልም የቆዳ ቀለም እንዴት ማዕረግ ይሆን እንደ ነበር የምትናገር ነበረች። እሷ ስትወጣ ያ ጉዳይ አብሯት ወጣ። በተረፈውም ክፍል ውስጥ ነጭነት የውስጥ መልካምነት ምሳሌ ሆኖ የሚታይበት ሐሳብ አለ፤ የዛሬ አንባቢ ይህን በዝምታ ማለፍ አይገባውም። ግጥሙ የሚቃወመውን ሚዛን በከፊል ራሱ ተሸክሞታል።

4. እንዳይባል የተደረገው

እስካሁን ያየናቸው መቅረቶች ዘፈኖቹን አበልጽገዋል። ሦስተኛው ዓይነት ግን ሌላ ነው። የዘመኑን ዘፈኖች በብዛት ስንሰማ በውስጣቸው የሌለ አንድ ትልቅ ነገር እናገኛለን። ከሙዚቃው ስልት ብዙው ከጥቁር አሜሪካውያን የመጣ ነው፤ ከታላላቆቹ ዘፋኞችም ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ነገር ግን ስለ ዘር መድልዎ የሚናገር ዘፈን በገበያው ላይ እንደ ብርቅ የሚቆጠር ነበር። ይህ ዝምታ ለአድማጩ ቦታ ለመተው የተመረጠ አልነበረም።

የናት ኪንግ ኮል ታሪክ ይህን ያስረዳል። በ1950ዎቹ በመላ አሜሪካ ከሚደመጡት ዘፋኞች አንዱ ነበር። ሚያዝያ 10 ቀን 1956 በአላባማ፣ በርሚንግሃም ከተማ ለነጭ ታዳሚዎች ሲዘፍን ዘረኞች መድረክ ላይ ወጥተው ደበደቡት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን የራሱ ዝግጅት ተጀመረለት፤ ነገር ግን በአገር አቀፍ ደረጃ ስፖንሰር የሚሆን ድርጅት ስላልተገኘ በ1957 መጨረሻ አበቃ። የሚዘፍናቸው ዘፈኖች ረጋ ያሉ የፍቅር ዘፈኖች ነበሩ። ድምፁ በየቤቱ እንዲገባ የተፈቀደለት ሰው ፊቱ እንዲገባ አልተፈቀደለትም። የዘፈኖቹን ለስላሳነት ስናደንቅ ይህን ካላሰብን አድናቆታችን ጎደሎ ነው።

ይህን ዝምታ የሰበረው ዘፈን «ስትሬንጅ ፍሩት» ነው። ግጥሙን የጻፈው ኤቤል ሚሮፖል በኒውዮርክ፣ ብሮንክስ መምህር ነበር። በ1937 መጀመሪያ የታተመው ለንባብ ሲሆን ኋላ ዜማ ሠራለት። ቢሊ ሆሊዴይ በ1939 ካፌ ሶሳይቲ በተባለው የምሽት ክበብ ዘፈነችው። በውል የታሰረችበት የኮሎምቢያ ሸክላ አሳታሚ ለመቅረጽ ስላልፈቀደ በዚያው ዓመት ኮሞዶር በተባለ አነስተኛ አሳታሚ ተቀረጸ። ርእሰ ጉዳዩ በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮችን ያለ ፍርድ በዛፍ ላይ መስቀል ነው።

አስተውለን ስናየው ይህ ዘፈን የዘመኑን ልማድ በሁለት መንገድ ይጥሳል፤ በአንድ መንገድ ደግሞ ይፈጽመዋል። አንደኛ፣ የ32ቱ ሜዠር ቅርጽ የለውም። መሸጋገሪያ የለም፤ የሚመለስ አዝማች የለም፤ ሦስት አንጓዎች ወደ መጨረሻው ይሄዳሉ። አድማጩ ወደሚያውቀው ዜማ ተመልሶ እንዲያርፍ አይፈቀድለትም። ሁለተኛ፣ «እኔ» እና «አንቺ» የሚባባሉ ሰዎች የሉትም፤ የሚታይ ነገር ብቻ አለ። በሦስተኛው ረገድ ግን ከመርሰርና ከበርሊን ጋር ይገናኛል። ድርጊቱን በስሙ አይጠራውም። ገዳዮቹን አይጠቅስም። የተሰቀለውን ሰው ፍሬ ይለዋል እንጂ ሰው አይለውም። ተለዋጭ ዘይቤው እስኪገለጥ ድረስ አድማጩ ስለ ዛፍና ስለ ፍሬ የሚሰማ ይመስለዋል፤ ሲገለጥለት ደግሞ የጎደለውን ቃል ራሱ በልቡ መናገር ይኖርበታል። ቃሉን አድማጩ እንዲለው መደረጉ ከማንኛውም ውግዘት ይበልጥ ይከብዳል።

አቀራረቡም በዝምታ የተሠራ ነበር። ሆሊዴይ ዘፈኑን የምታቀርበው በዝግጅቱ መጨረሻ ላይ ነበር። አስተናጋጆች መታዘዝ ያቆማሉ፤ መብራቱ ጠፍቶ በፊቷ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሌላ ዘፈን አይከተልም። ይህ ዝምታ ቀደም ሲል ከጠቀስኩት የገበያ ዝምታ ጋር አንድ ስም ይኑረው እንጂ አንድ ነገር አይደለም። የገበያው ዝምታ አድማጩን ከማወቅ ይጠብቀዋል። የዘፈኑ ዝምታ አድማጩን ከማወቅ እንዳያመልጥ ይይዘዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ትንተና ሁለት ነገሮች እንደሚወጡ አምናለሁ። አንደኛው የአነባበብ ነው። የዘፈን ግጥም በወረቀት ላይ ሲነበብ የሚጎድለው ነገር ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም። ስለዚህ ተማሪው «ምን ተባለ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ሊባል ሲገባ ቀረ? ያስቀረውስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ለዚህም አንድን ዘፈን በአንድ ቅጂ ብቻ ሰምቶ መፍረድ አይበቃም። የታተመውን ኖታ ከሸክላው፣ የመጀመሪያውን ዘፋኝ ከኋለኛው ማስተያየት ያሻል። መንደርደሪያውን ያላየ ሰው የ«ኋይት ክሪስማስ»ን ሰፊነት ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ሁለተኛው የሚዛን ጉዳይ ነው። እነዚህን ዘፈኖች የሚያፈቅሩ ሰዎች ለስላሳነታቸውን ብቻ ያወድሳሉ፤ የሚንቋቸውም በዚያው ለስላሳነት ይከሷቸዋል። ሁለቱም ወገኖች ዝምታን እንደ አንድ ነገር ቆጥረውታል። መርሰር የጠጪውን ታሪክ ማስቀረቱ፣ አርምስትሮንግ መንደርደሪያውን መተዉና የኮል ፊት ከየቤቱ መከልከሉ ግን በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉም። የመጀመሪያው ለአድማጩ የተሰጠ አደራ ነው። ሁለተኛው አትራፊም ከሳሪም ሊሆን የሚችል ምርጫ ነው። ሦስተኛው በደል ነው። ዘፈኖቹን በደንብ መውደድ ማለት ሦስቱንም መስማት ማለት ነው።

በእኛም ቤት ሸክላና ካሴት ተሸክሞ ያቆየልን ብዙ የዘፈን ግጥም አለ። ግጥምነቱን ቋንቋችን አስቀድሞ አጽድቆለታል። የሚቀረው ሥራ ከእያንዳንዱ ዘፈን የቀረው ምን እንደ ሆነ፣ ያስቀረውም ገጣሚው፣ ዘፋኙ ወይስ ሳንሱር መሆኑን በማስረጃ መለየት ነው። ይህ ጥናት ገና ብዙ እጅ ይፈልጋል።